ወለሉ እንዳይሰማን

ቀን 4፣ ሰኞ
ልጄ ሁለት ሴት ልጆቿን፣ ሦስት ሻንጣና አንድ ቴፕ ይዛ ገባች። ባሏ ለሥራ ርቆ ሄዷል፤ አምስት ወር ይቆያል። ሕፃናትን ዳንስ የምታስተምርበት አዳራሽም ተሽጦ የሲሚንቶ መጋዘን ሆኗል።

«ሳሎኑን በሳምንት ሦስት ቀን፣ ለግማሽ ግማሽ ሰዓት ብቻ ቢፈቅዱልኝ» አለች።

እኔ አናጢ ነኝ። ይህን ሳሎን ከወለሉ ጣውላ እስከ በሩ መቃን በእጄ ሠርቼዋለሁ። ለጭፈራ ብዬ አልሠራሁትም። ይህንኑ ነገርኳት።

«ጭፈራ አይደለም አባዬ፤ ባሌት ነው።»

«ስሙን ብትለውጪው እግሩ ያው እግር ነው።»

እስከ እሑድ አስብበታለሁ ብያታለሁ።

ቀን 6፣ ረቡዕ
እሑድን አልጠበቁኝም። ትንሿ የልጅ ልጄ አራት ዓመቷ ነው። ከወንበር ወንበር ስለምትዘል ፌንጣ ብያታለሁ። ስድስት ዓመት የሞላት ትልቋ እጇን አጣምራ ሁሉን ታያለች፤ አይታም ትፈርዳለች። እሷን ዳኛዋ ነው የምላት።

ፌንጣ ቁርስ ላይ፦ «አባባ፣ ቤቱ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«እግሬስ የማን ነው?»

«ያንቺ።»

«እሺ፣ እግሬን ላስደንሰው።»

ወደ ዳኛዋ ዞርኩ። «እውነቷን ነው» አለች። ፍርድ ተሰጠ። እናታቸው ሳቋን በሻይ ኩባያ ሸፈነችው። እኔን አንቱ እያለች ነው ያደገችው፤ ልጆቿ ግን አንተ ይሉኛል። አላረምኳቸውም።

ቀን 8፣ ዓርብ
የመጀመሪያው ትምህርት። ተማሪዎቹ ሦስት ናቸው፤ የኛ ሁለቱና የጎረቤታችን የልብስ ሰፊዋ የልጅ ልጅ። አምስት ዓመቱ ነው። ክብና ጠንካራ ስለሆነ አያቱ ድንቹ ትለዋለች።

ጋዜጣዬን ይዤ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ባሌት እስኪጀመር ብጠብቅ ብጠብቅ የለም። እንደ ድመት ተራመዱ። እንደ ቅጠል ወደቁ። ሙዚቃው ሲቆም ባሉበት ደርቀው ቆሙ። ይህ ትምህርት ከሆነ እኔም ሙሽራ ነኝ።

አንድ ነገር ግን አየሁ። ሙዚቃው ሲቆም ድንቹ በአንድ እግሩ ላይ ነበር። አያቱ «ጉርሻ እስኪውጥ እንኳ አይቀመጥልኝም» የምትለው ልጅ ስምንት እስክቆጥር አልተነቃነቀም። ልጄ አላጨበጨበችለትም። ጎንበስ ብላ «ሆድህ ነው የያዘህ፤ ተሰማህ?» አለችው። ሆዱን በእጁ ነካና «አዎ» አለ፣ እንደ ትልቅ ሰው።

እንዲህ አድርጎ ለተማሪው ሥራውን የሚያሳይ አሠልጣኝ በኔ ሙያ ሁለት ብቻ ነው ያየሁት።

ቀን 11፣ ሰኞ
እጃቸውን የሚያሳርፉበት ዘንግ አዘዘችኝ። «ልኩ ስንት እንደሚሆን ልንገርዎት?» አለች። ልክ ጠይቄ አላውቅም። እኔ ራሴ እለካለሁ። ሠርቼ ግድግዳው ላይ በብሎን አሰርኩት። ልጆቹ እንደ ልብስ ተንጠለጠሉበት።

ዳኛዋ፦ «ይሄ ለቀጭኔ ነው።»

ከሰዓት በኋላ ፈትቼ በእምብርታቸው ልክ አወረድኩት። ዘንጉን ሙጭጭ አድርገው አይይዙትም። «ወፍ እንደያዛችሁ፤ ብታጠብቁ ትሞታለች፣ ብትለቁ ትበራለች» አለቻቸው። መላጊያም የሚያዘው እንደዚሁ ነው። ማን ነገራት?

ይህች ልጅ በአሥራ አንድ ዓመቷ ዳንስ ትምህርት ቤት ያስገቡኝ ብላ ለምናኝ ነበር። ሙያ አይደለም ብዬ ከለከልኳት። እኔ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የተማርኩት፤ ፊደሉን ሚስማር ከተጠቀለለበት ጋዜጣ ላይ፣ አናጢነቱን በሰው አጥር ቀዳዳ እያየሁ። ሰው መሥራት ያለበትን ቢከለክሉትም ይሠራዋል ብዬ ነው የማምነው። ያኔ ትክክል ነበርኩ።

ቀን 15፣ ዓርብ
በባዶ እግሯ ሳሎኑን ከዳር እስከ ዳር ሄደችበትና «አባዬ፣ እንዲህ ያለ ወለል አዳራሹም አልነበረውም» አለችኝ። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ወለሉን ያመሰገነ ሰው የለም። ሰው የሚያየው በሩን ነው።

ቀን 19፣ ማክሰኞ
ሁሉም ወጥተው ዋሉ። ወለሉን ሰም ቀባሁት። ሁለት ዙር። በሱፍ ጨርቅ ወለወልኩት። መስኮቱ ከነመጋረጃው ቁልጭ ብሎ ይታይበታል። የሰሙ ጊዜ ደርሶ ስለነበር ነው እንጂ ለሌላ አይደለም። ለማንም አልተናገርኩም።

ቀን 20፣ ረቡዕ
ወደቀች። የቀኝ እግር ቁርጭምጭሚት። ተሰንጥቋል። ሐኪም ቤት ዋልን። ጀሶ። ስድስት ሳምንት።

ቀን 21፣ ሐሙስ
እንዴት እንደሆነ ልጻፈው።

ልጆቹ ተሰብስበዋል። እሷ በሩ ላይ ቆመች። ወለሉን አየች። ከዚያ እኔን አየች፤ ጋዜጣው ከፊቴ ነበር፣ ግን በጎኑ አይቻታለሁ። ልጆቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻቸው። «ዛሬ እናንተ አትነሡም። መጀመሪያ እኔ ብቻ ነኝ የምዘለው» አለች። ሦስት እርምጃ ሄደችና ከመሬት ተነሣች።

ጋዜጣውን አወረድኩ። ልጄ ሠላሳ አራት ዓመቷ ነው። ስትዘል ያየሁት ትናንት ነው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ። አንድ ሰው ከመሬት ተለይቶ አየሩ ላይ እንዲያ ሲረጋ አይቼ አላውቅም። የሚወርድ አይመስልም ነበር። ከዚያ ወረደች፤ እግሯም ከሥሯ ተንሸራቶ ሄደ።

ሐኪሙ «ወለሉ ምን ዓይነት ነው?» ብሎ ጠየቃት።

«ወለሉ ምንም አልሆነም። እኔ ነኝ ያልተጠነቀቅኩት» አለች።

እኔ በዚያን ጊዜ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የአጽም ሥዕል የጎድን አጥንት እቆጥር ነበር። ዝናብ ስለነበር እግሯ ረጥቦ ይሆናል።

ቀን 24፣ እሑድ
ሦስተኛ ቀኔ ነው፣ ሰሙን በብረት እየፋቅኩ፣ በብርጭቆ ወረቀት እየጨረስኩ። ጉልበቴ አብጧል። ልብስ ሰፊዋ የልጆቹን ልብስ ለማድረስ መጣችና በሩ ላይ ቆመች።

«ጋሼ፣ ባለፈው ሳምንት መስታወት ያስመሰሉት ወለል ዛሬ ምን በደለዎት?»

«አርጅቷል።»

«ማን? ወለሉ ነው እርስዎ?»

ይህች ሴት ምላሷን እንደ መርፌዋ ነው የምትስለው። ልጄ ጓዳ ተኝታ ነበር። የሰማች አይመስለኝም።

ቀን 25፣ ሰኞ
እነግራታለሁ።

ቀን 26፣ ማክሰኞ
አመማት። ዛሬ አይሆንም።

ቀን 27፣ ረቡዕ
ትምህርቱ ይቆማል ብዬ ነበር። እሷ እግሯን በርጩማ ላይ ሰቅላ፣ ቴፑን ጎኗ አድርጋ «አባዬ፣ አፍ አለኝ፤ እግር የለኝም። እግር ይሁኑልኝ» አለች። በሰባ አራት ዓመቴ!

ልጆቹ ተረከዛቸውን አጋጥመው ጣታቸውን ወደ ውጭ ይከፍታሉ። አከፋፈታቸው ግን እኩል አልመሰለኝም፤ ጠማማ ሥራ አልወድም። በማዕዘን መለኪያዬ፣ በስኳድራ፣ ለክቼ ወለሉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በጠመኔ አሰመርኩ። የድንቹን እግሮች ይዤ በመስመሩ ላይ ለማስተካከል ጠመዘዝኩ። ልጁ ከንፈሩን ነከሰ።

«እጅዎን ከልጁ እግር ላይ ያንሡ!» ብላ ጮኸች ልጄ።

ይህ ቤት ጣሪያ ካረፈበት ጊዜ ጀምሮ በኔ ላይ የጮኸ ሰው የለም። ፌንጣ እንኳ ቆመች።

ቆይታ በዝግታ አስረዳችኝ። የሚዞረው ከዳሌ ነው፤ እግርን ይዞ ማዞር ጉልበት ያበላሻል። በዚህ ዕድሜ አጥንታቸው ገና ነው፤ ራሱ የሚሄድበት ድረስ በቂ ነው። በጣት ጫፍ መቆምማ ገና ዓመታት ይቀረዋል።

እርጥብ እንጨት በግድ ብታቀናው ለዕለቱ ይቀናል። ወሩ ሳይሞላ ይጠማዘዛል፤ የሠራኸውን መስኮትም ይዞት ይጠማዘዛል። ይህን ለስንት ሠልጣኝ ተናግሬዋለሁ። ሳሎኔ ውስጥ ግን እርጥቡን እንጨት አላወቅኩትም።

ይቅርታ አልጠየቅኩም። መስመሩን በእርጥብ ጨርቅ አጠፋሁት። ለድንቹ ከተረፈ እንጨት ትንሽ መኪና ሠራሁለት።

ቀን 4፣ ረቡዕ
አዲስ ወር ገብቷል። ጀሶው ሁለት ሳምንት ሞላው። እስካሁን አልነገርኳትም።

ዛሬ ማረፍ ተማሩ። ለካ መዝለል ቀላሉ ነው፤ ከባዱ መውረዱ ነው። ጉልበት ይታጠፋል፤ ጣት ይቀድማል፣ ተረከዝ ይከተላል። «ወለሉ እንዳይሰማችሁ» ትላቸዋለች። «ወለሉ ተኝቷል። ማን ነው የማይቀሰቅሰው?»

እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ የመስኮቱን ማጠፊያ እጠግን ነበር። ዘለሉ።

«ፌንጣ፣ ግራ ተረከዝሽ!» አልኩ ሳልዞር።

እንደገና ዘለሉ።

«ድንቹ፣ ሁለቱም እግርህ ባንድ ጊዜ። ዳኛዋ፣ ጥሩ ነው።»

«አባባ ጀርባው ላይ ዓይን አለው!» አለች ፌንጣ።

ዓይን አይደለም። እያንዳንዱን ጣውላ ያነጠፍኩት እኔ ነኝ። የየአንዳንዱን ድምፅ አውቀዋለሁ። ዳኛዋ አላመነችም፤ ድንቹን በእሷ ቦታ አቁማ አዘለለችው። «ይሄ ድንች ነው» አልኩ። ልጄ ከወደቀች ወዲህ ዛሬ ገና ከልቧ ሳቀች። ከዛሬ ጀምሮ ሥራዬ ይኸው ነው፤ ጀርባዬን ሰጥቼ መስማት። ለዚህ ሥራ ከኔ የተሻለ ሰው አያገኙም።

ቀን 9፣ ሰኞ
ፌንጣ ሁለት ጊዜ ያለ ድምፅ አረፈች። ሦስተኛው ላይ በደስታ ጮኸችና አበላሸችው።

ልጄ ምንም ሳታሳይ፣ ከወንበር ሳትነሣ፣ በቃልና በጣቷ ብቻ ሦስት ሕፃናትን ታስተምራለች። ድንቹን በሳቅ፣ ዳኛዋን በጥያቄ፣ ፌንጣን በተረት። ሦስት ዓይነት እንጨት በአንድ መሣሪያ እንደማይላግ ለመረዳት እኔ አሥር ዓመት ፈጅቶብኛል።

ይህንንም አልነገርኳት።

ቀን 13፣ ዓርብ
ልብስ ሰፊዋ መጥታ ልጆቹ ላይ ጠርዝ እየለካች ታወራለች። ልጄ ገላዋን ልትታጠብ ገብታ ስለነበር ከልጆቹ በቀር ብቻችንን ነበርን።

«ማረፍን እንዴት እንዲህ አድርጋ እንደምታስተምር ያውቃሉ?» አለችኝ።

«ባለሙያ ናት።»

«እሱማ ናት። የት እንደተማረችው ነው የምጠይቅዎት።»

ጋዜጣዬን ገለጥኩ።

«እኔ ጋ ነዋ ጋሼ! እርስዎ ከከለከሏት ማግስት ጀምሮ። ለቲያትር ቤት ልብስ ስሰፋ፣ ልብስ የሚለኩ ዳንሰኞች ይመጡ አልነበር? እነሱ ያሳዩዋታል፤ ከዚያ እነሱ ሲሄዱ በስፌት መኪኖቹ መሐል ትደግመዋለች። ነፍሷን ይማርና እናቷም ታውቅ ነበር። የማያውቁት እርስዎ ብቻ ነበሩ።»

«ግድግዳችን እኮ አንድ ነው» አልኩ። «ቢሆን ኖሮ እሰማ ነበር።»

መቀሷን አስቀመጠች። «እሱን ነው የምልዎት። እርስዎ እንዳይሰሙ ነዋ ድምፅ የሌለው ማረፍ የተማረችው! ‹አባዬ እንዳይሰሙኝ› እያለች። አንድ ዓመት ሙሉ መዝለል ትታ መውረድ ብቻ ነው የተለማመደችው።»

ቆይቼ ደግሜ አሰብኩት። ሰው የሚያደንቅላት ሙያዋ ከኔ የመጣ ነው ማለት ነው። ልኮራበት ፈለግኩ። አልሆነልኝም።

እኔ በአጥር ቀዳዳ ተማርኩ ብዬ ስንት ጊዜ ነው ለሰው ያወራሁት? የሷን ቀዳዳ የደፈንኩት እኔ ነኝ፤ እሷ ሌላ ቀደደች።

ቀን 18፣ ረቡዕ
ድንቹ ንጹሕ አረፈ። ጣውላው ምንም አላለም። «የታለ?» አልኩ። «እዚህ ነኝ!» ብሎ እግሬን አቀፈኝ።

ያኔ ትክክል ነበርኩ ብዬ ከላይ ጽፌያለሁ። ገጹን አልቀደድኩትም። ይቀመጥ።

ቀን 25፣ ረቡዕ
ማታ ሳሎን ውስጥ በክራንች ቆማ፣ ልጆቹ ከተኙ በኋላ፣ እግሯን ወደ ታች ስታይ አገኘኋት። «ካልዘለልኩ ምን አሳያቸዋለሁ?» አለች። ለኔ ይሁን ለራሷ አላወቅኩም። «ሻይ ላፍላ?» አልኩ። እንዲህ ያለ መልስ ይሰጣል?

ቀን 2፣ ረቡዕ
ሌላ ወር። ጀሶው ተፈታ። እግሯ ቀጥኗል፤ የሷ አይመስልም። ሐኪሙ አገላብጦ አየው። «መራመዱ ችግር የለውም። መዝለሉን ግን ቃል አልገባም፤ ቀስ በቀስ እናያለን» አለ።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ተቀመጥን። ክራንቹ በመሐላችን ነበር። ከዚህ በላይ መሸሽ አልቻልኩም።

«ወለሉን ሰም ቀብቼው ነበር» አልኳት። «ከመውደቅሽ በፊት፣ ማክሰኞ። ሁለት ዙር።»

«አውቃለሁ።»

«መቼ አወቅሽ?»

«በሩ ላይ ስቆም። ያበራ ነበር አባዬ! ሽታውም ገና ነበር። ሰም ያለበት ወለል ላይ እንደማይዘለል የሦስት ወር ተማሪ ያውቃል። ልጆቹን ለምን ምንጣፍ ላይ ያስቀመጥኳቸው ይመስልዎታል?»

«ታዲያ ለምን ዘለልሽ? ለምን ይጥረጉት አላልሽኝም?»

መንገዱን አየች። «ጋዜጣውን ገልብጠው ይዘውት ነበር» አለች። «ሊያዩኝ ይፈልጋሉ ብዬ ነው። በሕይወትዎ ሳልጠይቅዎት ለዳንሴ አንድ ነገር ያደረጉልኝ ያን ቀን ነው። ይጥረጉት ልበልዎት? አንጀቴ አልቻለም። ቀስ ብዬ አርፋለሁ ብዬ ነበር።»

ቀጥላ «ሲፍቁትም ሰምቼዎታለሁ፤ ሦስት ቀን ሙሉ፣ በጉልበትዎ» አለች። «ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልወቅስዎት?»

ሌላም የምነግራት ነበረኝ፤ ከሰሙ የቆየ። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አውቶቡሱ መጣ። ባይመጣ ኖሮ እናገር ነበር እላለሁ። እንጃ።

ቀን 11፣ ዓርብ
በልጆቹ ዘንግ እየተደገፈች ተረከዟን ታነሣለች፣ ታወርዳለች። ዘንጉ ዝቅ ስለሚልባት ትጎብጣለች። ለሷ ልክ ሌላ ልሥራ ብል «አይሆንም፣ ከነሱ ጋር ነው የምጀምረው» አለች። ልጆቹ ይቆጥሩላታል። ፌንጣ ከሰባት ወደ አሥራ አንድ ትዘላለች። ዳኛዋ «እማዬ፣ ሆድሽ ነው የሚይዝሽ» እያለች ታርማታለች። አሥር ጊዜ አነሣች። ላብ በላብ ሆነች። አላጉረመረመችም።

በቤቴ ውስጥ ግትሩ እኔ ብቻ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር።

ቀን 23፣ ረቡዕ
በአንድ እግሯ ቆመች። በታመመው። ድንቹ ስምንት ቆጠረላት።

ቀን 28፣ ሰኞ
ልብስ ሰፊዋ ለልጆቹ የሰፋችውን ሁሉ አስለካቻቸው። ለኔም አንድ ነገር ሰፍታለች፤ ጉልበቱ ላይ ጥጥ ያለበት ሱሪ። «ሌላ ወለል ሊፍቁ ቢያስቡ» አለች። ለብሼዋለሁ። ይሞቃል።

ቀን 12፣ ሰኞ
ከጀሶው መፈታት አርባ ቀን አልፏል። ሐኪሙ ባለፈው ሳምንት ትንሽ ዝላይ ፈቅዶ ነበር። እሷ ግን በየቀኑ «ነገ» ትላለች። ልጄ ፈርታ ሳያት ይህ መጀመሪያዬ ነው።

ዛሬ ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠች። ወለሉን በእግሯ ጣት ፈተሸችው። ይይዛል፤ አሸዋ እንደነካው ሰሌዳ ነው። እኔ እንደ ልማዴ ጀርባዬን ሰጥቼ መስኮቱ ጋ ቆምኩ።

«ዛሬስ ይዩኝ» አለች።

«አልዞርም። መጀመሪያ የምነግርሽ አለ፤ ፊትሽን እያየሁ አልችለውም።»

ልጆቹ ዝም አሉ። ሕፃን መቼ ዝም እንደሚባል ያውቃል።

«በአሥራ አንድ ዓመትሽ ስትጠይቂኝ ተሳስቼ ነበር» አልኩ። «ማስገባት ነበረብኝ። ግድግዳ ለግድግዳ ተደብቀሽ እንድትማሪ ማድረግ አልነበረብኝም። ይኸው ነው።»

ከኋላዬ ሦስት እርምጃ ሰማሁ፤ ከመስኮቱ ሦስተኛው ጣውላ፣ ከዚያ አራተኛው፣ ከዚያ ስድስተኛው። ከዚያ ዝም አለ። ጠበቅኩ። የትኛው ጣውላ እንደሚጮህ አውቀዋለሁ፤ ሰባተኛው ነው፣ ካነጠፍኩት ቀን ጀምሮ ይጮኻል። ጆሮዬን ሰጠሁት። ምንም የለም። ፈርታ ቀረች አልኩ፤ ምን አለ ቃሌን ከዝላዩ በኋላ ባደርገው ኖሮ።

«ተይው ልጄ» አልኩ። «ነገ ትዘያለሽ።»

ፌንጣ መሳቅ ጀመረች። ድንቹም ተከተላት። ዞርኩ።

ልጄ ሰባተኛው ጣውላ ላይ ቆማለች፤ ጉልበቷ ገና አልተቃናም፣ እጆቿ ገና አልወረዱም፣ ፊቷ በእንባ ርሷል።

«አባባ፣ አልሰማህም እንዴ?» አለች ዳኛዋ። «ዘላ ወርዳለች እኮ!»